ከዜናው የጎደለው ሰፈር

ካርቱም ውስጥ ተኩስ የተከፈተው በእኛ ቅዳሜ ሹር ነበር። ያን ዕለት ጠዋት በልደታ ማርያም በኩል ሳልፍ ሰዉ ሁሉ ቄጠማ በራሱ ላይ አስሯል፤ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥም እግሮቻቸው የታሰሩ ሁለት ዶሮዎች ጫማዬ ሥር ተኝተው ነበር። የበዓል ዋዜማን ተረኛነት በየዓመቱ የምወስደው እኔ ነኝ። ቤቴ የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ ልጆች ያሏቸው ባልደረቦቼ በጊዜ ቢገቡ ይሻላል ከሚል ነው፤ ይህንን ምክንያት ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ እነሱም ጠይቀውኝ አያውቁም።

ሥራዬ የውጭ አገር ዜና ወደ አማርኛ መመለስ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ ወዲህ በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ፣ በአንድ ክፍል፣ መስኮቱ የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ብቻ በሚያሳይ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ የሌሎችን አገሮች ምርጫ፣ ጎርፍ፣ መፈንቅለ መንግሥትና የእግር ኳስ ውጤት ስተረጉም ፀጉሬ ሸብቷል። ከአንድ ወፍራም ደብተር አልለይም። በደብተሩ ውስጥ በፊደል ተራ የቦታ ስሞች ተጽፈዋል፤ እያንዳንዱም የአገሩ ሰው እንዴት እንደሚጠራው ጠይቄ ያረጋገጥኩት ነው። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ በደብተሩ ይቀልዱብኛል። አንደኛው ለሙዚየም እንድናዘዘው መክሮኛል። እኔ ግን የት እንደሆነ ያልተነገረ ዜና ዜና አይመስለኝም፤ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት?» ብሎ ነውና።

የመጀመሪያው መልእክት ሲደርሰኝ ስለ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ስለ ቤተ መንግሥቱና ስለ ሁለቱ ጄኔራሎች የሚናገር ነበር። ለሰባት ሰዓቱ ዜና አራት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። አጣርቼ፣ ምንጬን ጠቅሼ፣ ወረቀቱን ለዜና አንባቢው ካሳለፍኩ በኋላ ነው ጎረቤቴ ትዝ ያሉኝ።

ጎረቤቴ ከእኔ ሦስት ፎቅ ዝቅ ብለው ምድር ቤት የሚኖሩ እናት ናቸው። ጌጃ ሰፈር የነበረው ቤታቸው ሲፈርስ ወደ እኛ ኮንዶሚኒየም መጡ፤ ባልትና እያዘጋጁ በመሸጥ ይተዳደራሉ። በርበሬ ሲቀነጥሱም ሆነ ሽሮ ሲለቅሙ መስኮታቸው ላይ ያለችው ሬዲዮ አትዘጋም። የመጨረሻ ልጃቸው ካርቱም ከሄደች ስድስት ዓመት ሆኗታል። በመጀመሪያ ሰው ቤት ሠራች፤ በኋላ ዴም በሚባለው፣ ብዙ አበሻ በሚኖርበት ሰፈር፣ ገበያው ዳር ሻይና ቡና ትሸጥ ጀመር። በየእሑዱ ትደውላለች። የሰፈሩን ስም ደብተሬ ላይ ያስገባሁት ከእናቷ አፍ ሰምቼ ነው፤ ያን ጊዜ ለማንኛውም ዜና አስፈልጎኝ አልነበረም። እናቷ ጋ ቁጭ ብዬ እሷ ስትደውል በስተኋላዋ የሚሰማውን የገበያ ጫጫታ እየወደድኩት መጥቼ ነበር።

የፋሲካ ዕለት አልደወለችም። እናቷ ጾሙን የፈቱት ስልኩን ከሰሐኑ ጎን አስቀምጠው ነው። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ስልኩ አልጮኸም። እኛ ስንደውል አንዲት ሴት በዐረብኛ የሆነ ነገር ትነግረናለች፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር፣ በአንድ ዓይነት ትሕትና።

ከዚያ ወዲህ እኒህ እናት በየቀኑ፣ እኔ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን በለወጥኩ በሩብ ሰዓት ውስጥ፣ ሦስት ፎቅ ወጥተው በሬን ያንኳኩ ጀመር። ከበሩ አጠገብ ካለችው ወንበር አልፈው ገብተው አያውቁም። ጉልበታቸውን እያሹ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ይቆዩና «ዛሬስ ምን ይላል?» ይሉኛል። የጻፍኩትን እነግራቸዋለሁ። እስከ መጨረሻው በጥሞና ያዳምጡኛል፤ ሲያበቃ «ስለ ዴምስ?» ይላሉ። ስለ ዴም የመጣ ነገር የለም እላቸዋለሁ። «የለም ካልሽ የለም ነው» ብለው፣ በረከት እንደተቀበለ ሰው አመስግነውኝ ይወርዳሉ።

ያ «ስለ ዴምስ?» የሚለው ጥያቄ ቀስ በቀስ ሥራዬን በሌላ ዓይን እንዳየው አደረገኝ። አንድ ቀን የሁለት ሳምንት ጽሑፎቼን ከፋይሉ አውጥቼ በተራ አነበብኳቸው። ጄኔራሎቹ ምን እንዳሉ ነበር። የትኛው ኤምባሲ ሠራተኞቹን በየትኛው መንገድ እንዳወጣ ነበር። መርከቦች ነበሩ፤ የወደብ ስም ነበር፤ ተኩስ ለማቆም የተደረሱ ስምምነቶችና ስምምነቶቹ የፈረሱባቸው ሰዓታት ነበሩ። ሁሉም ትክክል ነበር፤ አንዱም እርማት አያሻውም። ግን ከካርቱም ማን እንደወጣ እንጂ ማን እንደቀረ የሚናገር አንድ መስመር አላገኘሁበትም። እኔ የምተረጉመው ሌሎች የላኩልኝን ነው፤ የላኩልኝ ሰዎች ደግሞ የሚፈልጉት ሌላ ነው። ይህንን ድሮም አውቀዋለሁ። ለጎረቤቴ ማስረዳት ግን አልቻልኩም፤ ለማስረዳትም አልሞከርኩም።

በሕንፃችን ጥግ ሱቅ ያለው ጎረቤታችን የእናትየው ሌላው የዜና ምንጭ ነበር። ከስልጤ የመጣ፣ ወጣትነቱን ዐረብ አገር በሥራ ያሳለፈ፣ ዐረብኛ እንደ አማርኛ የሚቀናው ሰው ነው። ከሳሙናው መደርደሪያ በላይ የሰቀለው ቴሌቪዥን ሱቁ ሲከፈት ይከፈታል፤ ሱቁ ሲዘጋ ይዘጋል። ከእኔ ጋር የቆየ ፉክክር አለው። ዳቦ ልገዛ ስገባ ያን ቀን የሰማውን በዝርዝር ይነግረኝና «የእርስዎ ሬዲዮ ይህን ነገ ይናገረዋል፤ ምንጊዜም ከእኔ ሱቅ አንድ ቀን ይዘገያል» ይለኛል። ማጣራት ጊዜ ይፈልጋል እለዋለሁ። «እሱማ ጥሩ ነው እትዬ፤ እንጀራም ሲያድር ይበላል» ይላል።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናትየው ሱቁ ውስጥ ቆመው፣ በቴሌቪዥኑ ላይ ጭስ ባዩ ቁጥር ዕንባቸው ሲወርድ ደረስኩ። ባለሱቁ ለማጽናናት ቃል ጠፍቶት ይቁነጠነጣል። በመጨረሻ ጣቱን ወደ ስክሪኑ ቀስሮ «እማማ፣ ያቺን ጭነት መኪና ይዩዋት። ስድስት ቀን ሙሉ እየነደደች ነው። ምን ዓይነት ናፍጣ ቢሞሉባት ነው?» አለ። እናትየው አተኩረው አዩ። እውነትም ያችው መኪና፣ ያው ጭስ፣ ከጭሱ ፊት የሚሮጠውም ያው ሰውዬ ነበር። «ታዲያ እኔ ስድስት ቀን ያለቀስኩት ለአንድ መኪና ነው?» አሉ። ከቅዳሜ ሹር ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኑን ለማየት እንጂ ለማመን አይገቡም ነበር። የሚያምኑት ሬዲዮውን ነው፤ ሬዲዮውን የሚያምኑትም ከላያቸው የምትኖረው ሴት ስለምትጽፈው ነው። ይህንን ለአካባቢው ሁሉ ይናገራሉ። ሸክሙ ይከብደኝ ነበር፤ አልዋሽም፣ ያኮራኝም ነበር።

የግንቦት ልደታ ዋዜማ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሬን ስከፍት ሳምንታት የጠበቅኩት ስም ከፊቴ ነበር። ዴም። ዘገባው አጭር ነው። ባለፈው ቀን በገበያው ላይ ከባድ መሣሪያ ወድቋል፤ ሰዎች ሞተዋል፤ ከሟቾቹ መካከል የውጭ አገር ሰዎች እንዳሉበት የዓይን እማኞች ተናግረዋል። የሟቾች ስም የለም፤ ቁጥርም የለም።

እንደ ወትሮው መተርጎም ጀመርኩ። «በካርቱም ዴም በተባለው ሰፈር» ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያ እጄ ቆመ። ሰባት ሰዓት ላይ እናትየው መስኮታቸው ሥር ተቀምጠው በርበሬ ይቀነጥሳሉ። ብቻቸውን ናቸው። ይህን ስም የሚሰሙት ከእኔ ጽሑፍ፣ በዜና አንባቢው በዚያ በማይለወጥ ድምፅ፣ በእግር ኳስና በአየር ሁኔታ መካከል ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የቀዘቀዘውን ሻይ እስከ ሥሩ ጠጣሁት። ከዚያ «ዴም በተባለው ሰፈር» የሚለውን ሰርዤ «በከተማዋ የሚገኝ አንድ ገበያ» ብዬ ጻፍኩ።

የክፍላችን ኃላፊ ከእኔ በዕድሜ በብዙ የሚያንስ፣ ጨዋ ሰው ነው። ጽሑፉን አንብቦ «የገበያው ስም የለም እንዴ?» አለኝ፤ ከእኔ እጅ ስም የጎደለው ወረቀት አይቶ ስለማያውቅ እንጂ ጠርጥሮኝ አይደለም። ምንጩ በግልጽ አላስቀመጠውም አልኩት። በሥራዬ ላይ የተናገርኩት የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነው። እሱም አመነኝ፤ ፈርሞም አሳለፈው።

ያን ዕለት ከሥራ ስገባ ጫማዬን ቀይሬ በሩ እስኪንኳኳ ጠበቅሁ። አልተንኳኳም። እናትየው ምናልባት ለነገው በዓል ሲዘጋጁ ደክሟቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ስለ ዴም የመጣ ነገር የለም ብዬ ፊት ለፊት ከመዋሸት በመዳኔ ቀለል አለኝ። ነጠላዬን ለነገ ተኩሼ ሰቀልኩ።

በእኛ ሕንፃ የግንቦት ልደታ ዕለት ንፍሮ ግቢው ውስጥ ተቀቅሎ ሁላችንም እዚያው ሜዳው ላይ እንቀማምሳለን። ድስቱ የእኒያው እናት ነው፤ ከእሳቸው የሚበልጥ ድስት ያለው ሰው የለም። ስንዴውን በየዓመቱ የሚያዋጣው ባለሱቁ ነው። አንዱ ጎረቤት አንተ ሙስሊም አይደለህም ወይ ቢለው «መርየምን እኛም እናውቃታለን፤ አንተ ይልቅ ሽምብራህን አምጣ» ብሎ አሳፍሮታል። ስለዚህ ያን ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከሁለተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ጋር፣ እሷም እንደ እኔ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ድስቱን ልንወስድ ወደ እናትየው በር አመራን። ባለሱቁ የስንዴ ከረጢቱን ተሸክሞ ደረጃው ሥር አገኘን። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ተኝተው ከሆነ እንዳንረብሻቸው ተባብለን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ ሦስታችንም ተጠጋግተን ቆመን፣ በሩን ቀስ ብዬ መታሁት።

በሩ ወዲያው ተከፈተ፤ ከኋላው ቆመው ይጠብቁ የነበረ ይመስል። እናትየው ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል። የነጠላቸውን ጥለት ለሐዘን እንደሚደረገው ወደ አንገታቸው አዙረዋል። ከኋላቸው ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ተጠግተው፣ ወለሉ ተጠርጎ፣ ሰው የሚቀመጥበት ፍራሽ ተነጥፏል።

«ግቡ» አሉን። «አውቄዋለሁ፤ እንዴት እንነግራታለን ብላችሁ አትጨነቁ።»

የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ዞራ አየችኝ፤ እጇን አፏ ላይ ጫነችና ታለቅስ ጀመር። እኔ ቢሮ አንድ ነገር ሰምቼ፣ ድስቱን ሰበብ አድርጌ እንዳመጣኋት ነበር የመሰላት፤ ይህን በኋላ ነው የነገረችኝ። ባለሱቁ ከረጢቱን አስቀምጦ በዐረብኛ ለሞተ ሰው የሚባለውን አለ፤ ከዚያ በሹክሹክታ መቼ እንደሰማሁ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ እሱ ከቴሌቪዥኑ የሰማ መሰለኝ። ለጥቂት ጊዜ፣ ስለዚያች ልጅ አንዲት ነገር እንኳ የሚያውቅ ሰው በሌለበት፣ ሦስታችንም መሞቷን አምነን ቆምን። ለቅሶው ተሰማ። ከላይ በሮች ይከፈቱ ጀመር።

ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ሥራ የተመለሰልኝ ያን ጊዜ ነው። ወሬ ሲደርሰኝ የምጠይቀውን ባለሱቁን ጠየቅሁት፤ ምን ሰማህ፣ ከማን ሰማህ አልኩት። እሱ ምንም አልሰማም፤ ያው ገበያው መመታቱን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁለተኛ ፎቅ ያለችውን ጠየቅኋት፤ እሷ እኔን አይታ ነው። እኔ እሱን አይቼ ነው። ወደ እናትየው ዞርኩና ማን እንደነገራቸው ጠየቅኋቸው።

«ማንም አልነገረኝም» አሉ። «ማንም ስላልነገረኝ ነው ያወቅሁት። ይኼ ልጅ ትናንት ጨው ልገዛ ስገባ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። እኔን ሲያይ ነው ያጠፋው፤ ዓይኑን ሰብሮ ጨዉን ሰጠኝ። አንቺ ደግሞ በሬዲዮ ‹አንድ ገበያ› አልሽ። የመንደር ስም እንኳ የማታስቀሪ ሴት ‹አንድ ገበያ› አልሽ። ሁለታችሁም ልጄን ቀብራችሁ ማለዳ እስኪደርስ ነበር የምትጠብቁት።»

ሩቅ አገር የሞተ ሰው መርዶ በእኛ ዘንድ እንዲሁ ነው የሚያዘው፤ ያወቁ ሰዎች ቀን እስኪደርስ ፊታቸውን ያሳምራሉ፣ ወሬ ይለውጣሉ፣ ከዚያ ማለዳ ነጠላቸውን ለብሰው ሰብሰብ ብለው በር ላይ ይቆማሉ። እናትየው በዕድሜያቸው ብዙ መርዶ ሰምተዋል፤ ደብቀውም ያውቃሉ። እኔና ባለሱቁ ሳንነጋገር፣ ሁለታችንም ለእሳቸው አዝነን፣ መርዶ እንደሚደብቅ ሰው ሆነን ነበር። እሳቸው ያላነበቡት ምልክት የለም።

ወለሉ ላይ፣ ፍራሹ ጫፍ ተቀመጥኩ። ገበያው የዴም ገበያ መሆኑን፣ ስሙን አውቄ በገዛ እጄ እንዳወጣሁት ነገርኳቸው።

«ያወጣሽው የሰፈሩን ስም ብቻ ነው? የሷንስ?»

«የሷ ስም አልነበረም እትዬ። የማንም ስም አልነበረም።»

«እንደመጣው ንገሪኝ» አሉኝ።

ዘገባውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ምንጩን እየጠቀስኩ፣ በቃሌ ነገርኳቸው። ከባድ መሣሪያው ወድቋል፤ ሰዎች ሞተዋል፤ የውጭ አገር ሰዎች አሉበት፤ ስማቸው አልተገለጸም፤ ቁጥራቸው አልተገለጸም። የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ክንዴን ጫን አደረገችኝ፤ ‹የውጭ አገር ሰዎች› የምትለዋን እንድተዋት ነው። አልተውኳትም። እናትየው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው እንደ ዜና አዳመጡኝ። ሲያበቃ ሌላ ነገር እንዳለ ጠየቁኝ። የለም አልኳቸው።

«የለም ካልሽ የለም ነው» አሉ፤ እንደ ወትሮው።

ከዚያ ተነሥተው የነጠላቸውን ጥለት ወደ ታች መለሱት። በዚህ መካከል ከአራተኛ ፎቅ አንድ ጎረቤት እየተንደረደረ ወርዶ የዕድሩን ድንኳን የት እንተክለው ብሎ በር ላይ ቆሟል። እናትየው «አይተከልም። ይልቅ እንጨት ፍለጥልን» አሉት። ሰውየው ተራ በተራ አየንና መጥረቢያ ፍለጋ ሄደ።

ድስቱ ማድ ቤቱ በር ሥር ነበር። ታጥቦ አንጸባርቋል። አጠገቡ ባለው ሳፋ ውስጥ ስንዴና ባቄላ ተዘፍዝፎ አድሮ አብጧል። ለበዓሉ ንፍሮ እህል ማዋጣት የእሳቸው ድርሻ ሆኖ አያውቅም። ሳፋውን እያየሁ እንደቆምኩ እናትየው ከኋላዬ መጡ።

«ለሷ ለቅሶ ብዬ ነው የዘፈዘፍኩት» አሉ። «ለእመቤቴ ይሁን፤ ውሰዱት።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ፣ «ሁለተኛ እንዳታዝኚልኝ» አሉኝ። «የሚያዝንልኝ ሰው ሞልቷል። አንቺ ንገሪኝ።»

ያን ቀን ንፍሮው ቀድሞ በሰለ።

እኔ ንፍሮውን አልጠበቅሁም፤ ፈቃድ ላይ ብሆንም ወደ ቢሮ ሄድኩ። ለኃላፊያችን ምንጩ የገበያውን ስም በግልጽ እንዳስቀመጠው፣ ያወጣሁት እኔ መሆኔንና ስለዚሁም እንደዋሸሁት ነገርኩት። ምክንያቴን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «እኔም ብሆን…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ከዚያ እንደ ኃላፊ ተናገረ። ያልነው ነገር ሐሰት አይደለም፤ ገበያ ተመትቷል ብለናል፤ ተመትቷል፤ ሐሰት ላልሆነ ነገር እርማት አውጥተን አናውቅም አለኝ። ሐሰት እንዳልሆነ አምኜ፣ ጎዶሎ መሆኑን ግን እንዲያምንልኝ ተከራከርኩ። በመጨረሻ ራሴ እንድጽፈው ፈቀደ። በሰባት ሰዓቱ ዜና መጨረሻ ላይ፣ በትናንቱ ዜናችን ተመታ ያልነው የካርቱም ገበያ የሚገኘው ዴም በተባለው ሰፈር እንደሆነና ስሙን ባለመግለጻችን አድማጮቻችንን ይቅርታ እንደምንጠይቅ ተነበበ። እናትየው ግቢው ውስጥ ከድስቱ አጠገብ ተቀምጠው ሰሙት። ባለሱቁ እንደነገረኝ እሳቸው ጭልፋውን አንሥተው ንፍሮውን አማሰሉ።

ያልጠበቅሁት ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከሰዓት በኋላ የቢሮው ስልክ ይጮህ ጀመር። የደወሉት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ እናቶችና እህቶች። አንዷ ስለ ጅሬፍ ጠየቀችኝ፤ ሌላዋ ስለ ኦምዱርማን። እኛ የሰፈር ስም መጥራታችንን ሰምተው፣ የእነሱንም ሰፈር የምናውቅ መስሏቸው ነው። አላውቅም፣ የመጣልን ነገር የለም አልኳቸው፤ ግን የጠየቁኝን ስም ሁሉ በደብተሬ ላይ በእርሳስ ጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ ከሚደርሱኝ ዘገባዎች መጀመሪያ የምፈልገው እነዚያን ስሞች ሆነ፤ ከጄኔራሎቹ መግለጫ በታች፣ አንዳንዴ በመጨረሻው መስመር ላይ ተደብቀው አገኛቸዋለሁ። «ስለ ጅሬፍ ዛሬ የደረሰን ዜና የለም» ብለን እንናገር ብዬ ኃላፊያችንን ብጠይቀውም አልተቀበለኝም። ዜና የለም ማለት ዜና አይደለም ይላል። እስከ ዛሬ በዚህ ነገር አልተስማማንም።

እናትየውም ሦስት ፎቅ መውጣታቸውን ቀጠሉ። እኔም የመጣውን እንደመጣ ነገርኳቸው። ክፉ ቀን ሲሆን ውሃ ጠጥተው ይወርዳሉ። ደረጃው ላይ የእግራቸውን ድምፅ እስከ ምድር ቤት ድረስ አዳምጣለሁ።

ክረምቱ በገባ ሰሞን፣ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ፣ በሬ ባልተለመደ ሰዓት ተንኳኳ። እናትየው ነበሩ፤ ስልኩን በሁለት እጃቸው፣ እንደሚፈስ ነገር ይዘውታል። ፊታቸው ላይ ደስታም ሐዘንም አላነበብኩም። ስልኩን ዘረጉልኝና «አረጋግጪልኝ» አሉ።

ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ብዙ ጫጫታ፣ የመኪና ጥሩምባ፣ የሚያለቅስና የሚስቅ የሴት ድምፅ። ስሟን ጠየቅኋት። የእናቷን ስም ጠየቅኋት። የት እንዳለች ጠየቅኋት። ሦስቱንም መለሰችልኝ፤ መተማ ናት፤ በሰው ስልክ ነው የምትደውለው። ለእናትየው «ራሷ ናት፤ መተማ ናት» አልኳቸው። ያን ጊዜ ብቻ ከበሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጡና ስልኩን ተቀበሉኝ። እኔ ወደ ማድ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁላቸው።

ልጅቷ ከደረሰች በኋላ አንድ ከሰዓት እናቷን ተከትላ ወደ እኔ ወጣች። ባለሱቁም በአንድ ሰበብ አብሯቸው መጣ። ከስታለች፤ ፀሐይ ፊቷን አጥቁሮታል፤ ወሬዋ ግን ፈጣን ነው። ገበያው ሲመታ እሷ ከዴም ወጥታ ወደ ድንበሩ በሚወስደው የገዳሪፍ መንገድ ላይ ነበረች፤ ስልክና ገንዘብ አጥታ ድንበሩ ለመድረስ ብዙ ሳምንት ፈጅቶባታል። አጠገቧ ሻይ ትሸጥ የነበረችው ጓደኛዋ አልወጣችም ነበር። ትንሽ ቆይታ፣ ያን ጊዜ ዴም ውስጥ መብራት ሲመጣ ተሰብስበው ሬዲዮ ይሰሙ እንደነበር አወራችን፤ ሬዲዮው ስለ ጄኔራሎቹ ብቻ ያወራል፣ እነሱ ግን አንድ ሰው ሰፈራቸውን በስሙ እስኪጠራ ይጠብቁ ነበር።

«እዚህስ?» አለችኝ። «የእናንተ ሬዲዮ ዴምን ጠርቶት ያውቃል?»

«ጠርቶታል» አሉ እናቷ፣ እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት። «አንድ ቀን ዘግይቶ ነው እንጂ።»

ባለሱቁ ወደ ጣሪያው አየ። እኔ ደብተሬን አምጥቼ የዴምን ገጽ ገለጥኩ፤ ከአንዱ ስም በስተቀር ባዶ ነው። የጓደኛዋ ሻይ መሸጫ የነበረበት መንገድ ማን እንደሚባል ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ፤ ጻፍኩት።